የመጀመሪያው የጋራ ጠመቃ፦ የትኛውን ቢራ እንምረጥ? (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢዋ፦
ውድ የባሕር ዳር የቤት ጠማቂዎች ማኅበር አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ሐሳብ መልክ መያዝ አለበት። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ዕቅድ እናቀርባለን። ጀማሪ አባሎቻችን ቤታቸው የሚጠምቁት የመጀመሪያ ቢራ የትኛው ይሁን? ሆፕሱ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ደህና አድርጎ የሚሸት፣ መረር የሚል፣ የታወቀ ቢራን አስመስሎ የሚሠራ እንዲሆን ተስማምተናል። የታወቀ ቢራ መሆኑ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። የት መድረስ እንዳለበት ያውቃል። ዝም ብሎ የራሱን ቢጠምቅ ምሬቱ በዝቶ ይሁን አንሶ በምን ይለየዋል?

የቀረው ምርጫው፣ ዕቃው፣ ገንዘቡና ጊዜው ነው። የምታውቁትን አዋጡ። ረቂቁን እኔ አጠናቅራለሁ።

አዲስ አባል፣ ከአባይ ማዶ፦
የእኔ ምርጫ ፐንክ አይፒኤ የተባለው ሆፕስ የበዛበት ቢራ ነው። ብሩዶግ የተባለው የስኮትላንድ ጠማቂ አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። ስለዚህ ግምት ውስጥ አንገባም። ብቅሉ ስንት እንደሆነ፣ ሆፕሱ መቼ እንደሚገባ ከባለቤቱ እጅ የወጣ ጽሑፍ አለ። ሽታውም የሚገርም ነው፤ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። ሰው አንዴ ከቀመሰው ማኅበሩን አይለቅም።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
ወንድሜ፣ ክፍት አሠራር መምረጥህ ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝ የሆፕሱ ዝርዝር ነው። ቺኑክ፣ አታነም፣ ሲምኮ፣ አማሪሎ፣ ካስኬድ፣ ኔልሰን ሶቪን። ስድስት ዓይነት! እዚህ ገበያ ላይ አንዱም የለም። ሁሉም በሰው ሻንጣ የሚመጣ ነው። አንዱ ቢጎድል ቢራው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ያ ሽታ የሚመጣው ቢራው ከተብላላ በኋላ ሆፕስ ደግሞ ሲጨመርበት ነው። በዚያ ሰዓት ክዳን ተከፍቶ አየር ከገባ ሽታው በጥቂት ሳምንት ይጠፋል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ልምድ ያለው ሰው እንኳ የሚቸገርበት ሥራ ነው። ጀማሪ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፍቶ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ቢለው ሁለተኛ አይሞክርም።

እኔ የማቀርበው ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን ነው። ካሊፎርኒያ፣ ቺኮ ከተማ ውስጥ ኬን ግሮስማንና ባልደረባው ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጠመቁት ቢራ ነው። አልኮሉ 5.6 በመቶ፣ ምሬቱ በቢራ ጠማቂዎች መለኪያ 38 ገደማ። ሽታውን የሚሰጠው አንድ ሆፕስ ብቻ ነው፦ ካስኬድ። ይህ ሆፕስ በአሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬ የተለቀቀ ሲሆን የግሬፕፍሩት ልጣጭና የአበባ ሽታ አለው። ለምሬቱ ደግሞ ማግነም የተባለው ሆፕስ ይበቃል። ሁለት ፓኬት ሆፕስ፣ አንድ ፓኬት ደረቅ እርሾ፣ ሁለት ዓይነት ብቅል፤ አለቀ። አንድ ነገር ቢበላሽ የት እንደተበላሸ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

አዲስ አባል፣ ከአባይ ማዶ፦
መምህር፣ የእርስዎን ሐሳብ ተቀብያለሁ። የሻንጣው ነገር አሳመነኝ። ግን ቀመሩ እንዳለ ባሕር ዳር ላይ ይሠራል? እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል ይባላል።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። ይህን ነጥብ በረቂቁ ውስጥ በደማቁ ጻፉልኝ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሆፕስ ምሬቱን የሚለቀው በሙቀት ኃይል ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲቀንስ የሚወጣው ምሬት በጣም ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ደቂቃ የምናገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው ብላችሁ ያዙ። የአሜሪካውን አሠራር ቃል በቃል ከተከተልን የሚወጣው ቢራ ለስላሳ ይሆናል። ሰዉም «ሆፕስ ሆፕስ ስትሉ የነበረው ይሄ ነው?» ይለናል።

መፍትሔው ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ማፍላቱን ከ60 ደቂቃ ወደ 90 እናሳድግ። ሁለተኛ፣ ለ20 ሊትር 20 ግራም የሚለውን ማግነም ወደ 28 ግራም እናድርስ። ይህ አልፋ አሲዱ፣ ማለትም ምሬቱን የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ 13 በመቶ አካባቢ ለሆነ ሆፕስ ነው። ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ አይታችሁ አስተካክሉ። ካስኬዱ 20 ግራም ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 40 ግራም ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይገባል። እሳቱ እንደጠፋ ወዲያው አትጨምሩት። እዚህ በረዶ ስለሌለን ድስቱ በዝግታ ነው የሚቀዘቅዘው። ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። 75 ዲግሪ ሲደርስ ጨምራችሁ ለ20 ደቂቃ ተዉት።

ገንዘብ ያዥ፦
ዋጋ ሳልጠይቅ ቁጥር አልጽፍም። ግን አከፋፈሉን አሁን እንስማማበት። 40 ሊትር ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ የስኳሩን መጠን የሚለካው ሃይድሮሜትር፣ ትንሽ ግራም መመዘኛና ቆርኪ መግጠሚያ የማኅበሩ ንብረት ይሁኑ። ተራ በተራ እንዋዋሳለን። ብቅል፣ ጋዝና ስኳር ከጠማቂው ኪስ። ሆፕስና እርሾ በአንድ ላይ እናስመጣለን፤ እስከ ቀኑ ድረስ አንድ አባል ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥልን። ከሁሉም በፊት የሚገዛው ቴርሞሜትሩ ነው። ያለ እሱ 66 ዲግሪና 72 ዲግሪ በእጅ አይለይም።

አባል፣ ቀበሌ 14፦
አንድ ሐሳብ አለኝ። ማግነሙን ትተን ለምሬቱ ጌሾ ብንጠቀምስ? ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። የውጭ ምንዛሪም አይፈልግም። ካስኬዱ ብቻ ከውጭ ይምጣ።

እትዬ (የጠላ ባለሙያችን)፦
ልጆቼ፣ እኔ ቢራ ጠምቄ አላውቅም። ጠላ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ። ስለ ጌሾ ልናገር። የአንዱ አገር ጌሾ ከሌላው ይለያል። ቅጠሉ ሌላ፣ እንጨቱ ሌላ። የዘንድሮ ሌላ፣ የከረመ ሌላ። እኔ በዓይኔና በምላሴ ነው የማውቀው፤ «ይህን ያህል ግራም» ብዬ አልነግራችሁም። አሁን እናንተ የሰው ቢራ ልታስመስሉ ነው። ታዲያ በማይታወቅ መለኪያ ጀምራችሁ መምሰሉን በምን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ እንደ አሠራሩ አድርጉት። ጌሾ የትም አይሄድም።

ስለ ንጽሕናው ግን አደራ። ጠላ የሚበላሸው ገና ሳይጠነሰስ ነው። ጋኑ በግራዋ በደንብ ካልታሸ፣ ካልታጠነ ይመጥጣል። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። ጋን ግን አትጠቀሙ። የወይራው ጭስ ከሸክላው አይወጣም፤ የእናንተን አበባ አበባ የሚል ሽታ ይውጠዋል። ብቅሉን እኔ ላብቅልላችሁ እችላለሁ።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። የጌሾውን ነገር ጨረሱልን። በእኔ በኩል የምጨምረው፣ ሁለተኛው ጠመቃ ላይ 5 ሊትር ለይተን በጌሾ እንሞክር። ያኔ የምናወዳድረው ይኖረናል።

ብቅሉ ላይ ግን ትንሽ ልዘርዝር። ለጠላ የሚሆነው ብቅል በፀሐይ ነው የሚደርቀው። ለዚህ ቢራ የሚፈለገው ፔል ብቅል በፋብሪካ ምድጃ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ሞቆ የደረቀ ነው። በፀሐይ የደረቀው ሣር ሣር የሚል ጣዕም ይሰጣል። ሲፈላ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ የሚያመጣ ነገር በብዛት አለው። ጠላ ላይ አሻሮውና ጌሾው ይሸፍኑታል፤ ፈዘዝ ያለ ቢራ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ብቅል፣ 4.6 ኪሎ፣ ከፋብሪካ ይሁን። ጎንደርም፣ አሰላም፣ ደብረ ብርሃንም የብቅል ፋብሪካ አለ። በከረጢት ይሸጡልን እንደሆነ ደብዳቤ እንጻፍ።

የእትዬ እጅ የሚያስፈልገው በሌላኛው ብቅል ላይ ነው። ለዚህ ቢራ 400 ግራም ካራሜል ብቅል ይገባል። መዳብ የመሰለውን ቀለምና ትንሿን ጣፋጭነት የሚሰጠው እሱ ነው። ይህን እዚሁ መሥራት እንችላለን። ገብሱ በቅሎ ገና ሳይደርቅ፣ እርጥብ እያለ፣ ክዳን ባለው ዕቃ 65 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። በዚያ ጊዜ በፍሬው ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። በጣት ብትጫኑት ወተት የመሰለ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ ምጣድ ላይ፣ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ መቁላት ነው። ሲቆረጠም ውስጡ እንደ ከረሜላ ቀጭ ካለ ደርሷል። አሻሮ ሲቆላ ከለመደ እጅ በላይ ይህን የሚችል የለም።

ወፍጮውንም አትርሱ። ለጠላ እንደምናደርገው አይላም፤ እንደ ቅንጬ ይከካ። በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ላይ ግን በፍጹም እንዳታስከኩት!

እትዬ፦
ካራሜሉን ለእኔ ተዉት። ሁለት ጊዜ አሳዩኝ፤ ሦስተኛውን እኔ አሳያችኋለሁ። ከሚፈለገው በላይ ላብቅል፤ ለሌሎቹም ይተርፋል።

አባል፣ የግንባታ ባለሙያ፦
ስለ ማብላሊያው ዕቃ ልናገር። 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ግን የውሃ ይሁን። ዘይት የነበረበት አይሆንም። ቢታጠብም ቅባቱ አረፋውን ይገድለዋል። ክዳኑን ቀድደን፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ላስቲክ ቱቦ እናስገባና ጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እንከተዋለን። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ብቅሉን ለመዘፍዘፍ ደግሞ ከስስ መጋረጃ የተሰፋ ከረጢት ይሻላል። አቡጀዲ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። 30 ሊትር ውሃ ይዞ የሚነሳ ድስት አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም፤ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ።

ሙቀቱስ? የእኔ ቤት ቀን ላይ ይጋላል።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
እርሾው የሚወደው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ ክፍሉ 20 ከሆነ ጀሪካኑ ከዚያ በላይ ነው። ጀሪካኑን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙትና በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሉት። የፎጣው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይሁን፤ ራሱ እየጠጣ ይቆያል። መስኮት ክፈቱለት፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሥራውን ይሠራል። የቧንቧ ውሃችሁንም ከዋዜማው ቀድታችሁ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይውጣ። አለበለዚያ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ስለ ጠርሙሱ በጣም አስጠነቅቃለሁ። ሃይድሮሜትሩ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ ማንም ጠርሙስ ውስጥ እንዳይከት። 1.052 ላይ ጀምሮ 1.011 ወይም 1.012 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከዚያ በሊትር 6 ግራም ስኳር፣ በመመዘኛ፣ በማንኪያ ሳይሆን። ስኳር የበዛበት ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ጠርሙሱም ቡናማ ይሁን። በአረንጓዴውና በነጩ በኩል ብርሃን እየገባ የሆፕሱን ሽታ ያከረፋዋል።

ሰብሳቢዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ረቂቁ እንዲህ ይነበባል።

«ማኅበሩ ለጀማሪ አባላት የመጀመሪያ የጋራ ጠመቃ የሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን አሠራር ለባሕር ዳር ከፍታ አስተካክሎ ይጠቀማል። መጠኑ 20 ሊትር ሲሆን፣ ፔል ብቅል 4.6 ኪሎ ከፋብሪካ፣ ካራሜል ብቅል 400 ግራም በአባላት የተዘጋጀ። ብቅሉ በ67 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው ክዳኑ ተከፍቶ ለ90 ደቂቃ ይፈላል። ማግነም 28 ግራም ከመጀመሪያው፣ ካስኬድ 20 ግራም ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 40 ግራም ደግሞ በ75 ዲግሪ ይገባል። እርሾው 11.5 ግራም የሆነ አንድ ፓኬት። የጋራ ዕቃው በገንዘብ ያዥ ስም ተመዝግቦ በተራ ይወሰዳል። የሚጠመቀው ለአባላት መማሪያ እንጂ ለሽያጭ አይደለም።»

ጊዜው ላይ ሐሳቤ ይህ ነው። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር መጨረሻ ሳምንት እንጠምቅ። ታኅሣሥ 10 ገደማ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ለገና ይደርሳል።

አባል፣ ቀበሌ 14፦
በጌሾው ተስማምቻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ እንገናኝ። ጊዜው ላይ ግን ማሻሻያ አለኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። በጾም የማይጠጡ አባላት አሉን። መጥመቁ ችግር የለውም፤ መቅመሱ ግን ከገና በኋላ ይሁን፣ ሁሉም ባለበት።

ሰብሳቢዋ፦
ልክ ነህ። ቅምሻው በገናና በጥምቀት መካከል ባለው ቅዳሜ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም አንድ ልጨምር። ከ20 ሊትሩ ዝቃጩ ሲቀነስ 19 ገደማ ይቀራል። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 57 ይወጣል፤ ሁለት ሳጥን ተኩል ያህል ነው። ቡናማ ጠርሙስ ከአሁኑ ማጠራቀም ጀምሩ። የጠጣችሁትን ወዲያው በውሃ አለቅልቁት፤ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። አዲስ ቆርኪ ከመግጠሚያው ጋር እናስመጣለን።

አዲስ አባል፣ ከአባይ ማዶ፦
የመጀመሪያው ጠመቃ እኛ ቤት ይሁን። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጋዝ ምድጃም አለን። መብራት ቢጠፋም አያስቆመንም። እናቴም ፈቅዳለች።

ሰብሳቢዋ፦
ተመዝግቧል። ለብቅል ፋብሪካዎቹ የሚጻፈውን ደብዳቤ ነገ አዘጋጃለሁ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚመጣ ሰው ካለ ለገንዘብ ያዥ አሳውቁ።