ለሳቢያኗ እህታችን፦ ወንድምሽ ቲኬቱን ዝም ብሎ እንዳይከፍል

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ።

የሳቢያን ሰፈሯ እህታችን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስላለው ወንድሟ እዚሁ የጻፈችውን አነበብኩ። ልጁ አሌክሳንድሪያ አካባቢ 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ የፍጥነት ገደቡ 55 ማይል በሆነበት ቦታ በ76 ሲበር ተያዘ። ከሥር መልስ የሰጡት አብዛኞቹ «ይክፈልና ይገላገል» ብለዋል። አንዱ ደግሞ «ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ፖሊሱ አይመጣም፣ ነፃ ይወጣል» አለ። አቦ፣ ሁለቱም ምክር ልጁን ጣጣ ውስጥ ነው የሚከተው። እኔ ድሬ ከመመለሴ በፊት ብዙ ዓመት ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ታክሲ ነድቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን እዚያ ታክሲ ነድቶ ችሎት ያላየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ ከመንገድ ዳር ይጀምራል። እዚህ ድሬ ትራፊክ ሲያስቆምህ ምን ታደርጋለህ? መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ትወርድና ወደ እሱ ትሄዳለህ። ሰላምታ አለ። «አቦ በናትህ» አለ። ሰፈር ይጠራል፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ይነሳል። ክርክሩ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ መንጃ ፈቃድህ ከእሱ ጋር ይቀራል፣ ቅጣትህን ከፍለህ ታስመልሳለህ። ደንገጎ ዳገት ላይ ደግሞ ገና ትራፊኩ ጋ ሳትደርስ ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቅሃል።

አሜሪካ ተገላቢጦሽ ነው። መንገድ ዳር ክርክር የለም። ክርክሩ ሌላ ቀን፣ ዳኛ ፊት ነው። ስለዚህ ፖሊሱ መብራቱን ሲያበራ በቀኝ በኩል ዳር ይዘህ ቁም፣ መስኮት አውርድ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ከመኪና እንዳትወርድ። እኛ አገር መውረድ አክብሮት ነው፣ እዚያ ግን ፖሊሱን ያስደነግጠዋል፣ የደነገጠ ፖሊስ ደግሞ ሽጉጥ ታጥቋል። ወረቀት ከዳሽቦርዱ ልታወጣ ስትል «ላወጣ ነው» ብለህ ንገረው። «ለሻይ» የሚባለውንማ ሲያምርህም ይቅር። ለፖሊስ ገንዘብ መዘርጋት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው፣ የፍጥነቱ ክስ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ተረት ነው።

«ምን ያህል ትሄድ እንደነበር ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅህ ደግሞ ሐበሻ ትሁት ነው፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ ፈጥኜ ነበር» ይላል። ፖሊሱ ያንን ይጽፈዋል። ዳኛው ፊትም ያነበዋል። ጨዋ ሆኖ ዝም ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ፈርም ሲልህ ግን ፈርም። ፊርማው ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፣ በቀጠሮው እቀርባለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ወረቀቱን በደንብ ይመልከተው። «ስፒዲንግ» (ተራ የፍጥነት ጥፋት) ነው የሚለው ወይስ «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት)? ቨርጂኒያ ውስጥ ከገደቡ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ከበለጥክ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ካለፍክ፣ ሬክለስ ነው። 70 በሚለው አውራ ጎዳና ላይ እንኳ 86 ከሄድክ ገባህበት። ይሄ የትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው። በሕጉ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። መጀመሪያ ጊዜ ለተያዘና በ76 ለሄደ ሰው እስር ይመጣል እያልኩ አይደለም፣ እህቴ አትደንግጪ። ግን ጥፋተኛ ከተባለ በመንጃ መዝገቡ ላይ 6 የጥፋት ነጥብ ይያዝበታል፣ ጥፋቱም ለ11 ዓመት እዚያው ይቀመጣል። ኡበር ወይም ሊፍት በሚባሉት የስልክ ታክሲዎች መሥራት ካሰበ መዝገቡን ያዩታል። ኢንሹራንሱም ያየዋል። የዜግነት ማመልከቻ ሲሞላም ስለ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል።

55 ላይ 76 ማለት 21 ማይል ብልጫ ነው። በሁለት ማይል ብቻ ነው ሬክለስ የገባው! 74 ቢሆን ኖሮ ተራ ስፒዲንግ ነበር፣ 4 ነጥብ። ስለዚህ የሚከራከርበት ነገር አለው።

«ይክፈልና ይገላገል» ላሉት፦ ሬክለስ በኢንተርኔት ተከፍሎ የሚዘጋ ክስ አይደለም፣ መቅረብ ግዴታ ነው። ካልቀረበ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። ተራ ስፒዲንግን ቀድሞ መክፈል ይቻላል፣ ግን መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። የኛ ሰው 150 ዶላር ከፍሎ «ተገላገልኩ» ይላል፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ በየወሩ ሲጨምርበት ከየት መጣ ይላል።

ከቀጠሮው በፊት የሚሠራቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ መኪናውን የፍጥነት መቁጠሪያ የሚመረምር ጋራዥ ይውሰዳት። ቨርጂኒያ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው፣ ሕጉም ይቀበለዋል። መካኒኩ መኪናዋን ፈትሾ የመቁጠሪያው ንባብና እውነተኛው ፍጥነት ጎን ለጎን የሰፈሩበት፣ የተፈረመ ወረቀት ይሰጠዋል። መቁጠሪያው ዝቅ አድርጎ እያሳየ ከሆነ፣ ማለትም እሱ 73 እያነበበ መኪናዋ 76 እየሄደች ከነበረ፣ ያ ወረቀት ለሱ ወርቅ ነው። ብዙ ዳኞች ልዩነቱን ከተያዘበት ፍጥነት ላይ ይቀንሱለታል።

ሌላው፣ 8 ሰዓት የሚፈጀውን የአሽከርካሪ ማሻሻያ ትምህርት ከቀጠሮው በፊት ወስዶ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይቅረብ። ዳኛው የግድ ይቀበላል የሚል ሕግ የለም። ግን ሳይታዘዝ ተምሮ የመጣን ሰው ዳኛ በሌላ ዓይን ያየዋል። ከዲኤምቪ፣ ማለትም ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ የመንጃ መዝገቡንም ያውጣ። ንጹሕ ከሆነ ያሳየው። ቨርጂኒያ ሳታጠፋ ለነዳኸው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጥሩ ነጥብ ትሰጣለች፣ እስከ 5 ድረስ።

ፖስታ ሳጥኑ አሁን በደብዳቤ ተሞልቶ ይሆናል። «ተከሰሃል»፣ «አስቸኳይ»፣ ቀይ ማኅተም ምናምን። ብዙ አዲስ የገባ ልጅ ይሄን ሲያይ ከፍርድ ቤት የመጣ መስሎት እንቅልፍ ያጣል። የጠበቆች ማስታወቂያ ነው። የክሱ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሙን ከዚያ አውጥተው ነው የሚልኩለት። መጣል አያስፈልግም። ሁለት ሦስቱ ጋ ደውሎ ይጠይቅ፣ የመጀመሪያውን ምክር ብዙዎቹ በነፃ ይሰጣሉ። ተራ ስፒዲንግ ቢሆን ጠበቃ አትያዝ እለው ነበር፣ ለሬክለስ ግን፣ በተለይ ገና ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው፣ ብሩ ያዋጣል። ጠበቃውን «ኢሚግሬሽን ላይ ምን ያመጣብኛል?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቀው።

አስተርጓሚ! እንግሊዝኛ ይችላል ብለሻል። ሥራ ቦታ የሚያግባባ እንግሊዝኛና ችሎት የሚያዋጣ እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። ለአማርኛ ፍርድ ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ ግን ቀድሞ ለክለርኩ (ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ) ቢሮ መንገር አለበት። ጓደኛውን ወይም የአክስቱን ልጅ ይዞ እንዳይሄድ።

ችሎቱ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት የሚባለው ነው። በጠዋት ይድረስ፣ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። አንዳንዱ ፍርድ ቤት ስልክ አያስገባም፣ ስለዚህ ማስረጃውን ስልኩ ላይ ሳይሆን በወረቀት አትሞ ይያዝ። ግድግዳው ወይም ስክሪኑ ላይ ስሙንና የክፍሉን ቁጥር ይፈልጋል። ስሙ ሲጠራ ይነሳል። ጥፋተኛ ነኝ፣ አይደለሁም፣ ወይም አልከራከርም ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። አይደለሁም ካለ መጀመሪያ ፖሊሱ ይመሰክራል፣ ፍጥነቱን በምን እንደለካው ይናገራል። ራዳሩ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት አለው፣ ቀኑ ያለፈበት እንደሆነ መጠየቅ መብት ነው። ከዚያ የሱ ተራ ይሆናል። አጭር ይናገር። «ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚነዳው» የሚለውን ዳኛው በየቀኑ ሲሰማው ነው የሚውለው።

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነፃ መውጣት ሳይሆን ክሱን ማውረድ ነው። ዳኛው ሬክለሱን ወደ ተራ ስፒዲንግ ወይም «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ወደሚባለው ቀለል ያለ ጥፋት ሊያወርደው ይችላል። ሁለተኛው 3 ነጥብ ነው፣ ቅጣቱም ከ500 ዶላር አያልፍም። ዋናው ግን፣ ከዚያ በኋላ ወንጀል አይባልም። ውሳኔው ካልተዋጠለት በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ሰርኪዩት ኮርት በሚባለው ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ጉዳዩ ከዜሮ ይታይለታል።

«ፖሊሱ አይመጣም» ላለው ወንድሜ፦ ይሄ ወሬ ከኔ በፊትም ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊሱ የጻፋቸውን ቲኬቶች ሰብስቦ ራሱ በሚውልበት የችሎት ቀን ነው የሚቀጥራቸው። ሥራው ነው፣ ይመጣል። ቢቀርም ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል።

ሜሪላንድና ዲሲ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ሜሪላንድ ወረቀቱ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያት ማስረዳት፣ ወይም ሙሉ ክርክር መጠየቅ ነው ምርጫው። ፒቢጄ የሚባል፣ ጥፋተኛ ሳይባሉ በአመክሮ መለቀቅም አለ፣ ዳኛው ከሰጣችሁ ነጥብ አይያዝባችሁም። ዲሲ ዳኛ የለም፣ የዲኤምቪ መርማሪ ነው የሚያየው። የካሜራ ቲኬት ደግሞ ሌላ ነው። ቨርጂኒያ የቀይ መብራት ካሜራ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ነጥብም የለውም። እሱን ከፍላችሁ ተገላገሉ።

በዲቪ ልትሄዱ ሻንጣ እያሰራችሁ ላላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራት አብርቶ ሲቆም፣ መንገዱ መሃል ላይ በአካፋይ ካልተለየ በስተቀር ከፊት ለፊት የምትመጡትም ትቆማላችሁ። ቨርጂኒያ ይሄም ሬክለስ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው፣ የመጀመሪያው 125 ዶላር። ባጃጅ በሁለት መኪና መሃል ስትሾልክ እያየን ላደግን ልጆች «ስቶፕ» የሚል ምልክት ጋ፣ ማንም በሌለበት ሌሊት፣ ጎማው ቀጥ እስኪል መቆም ይከብዳል። ግን ቁሙ።

እህቴ፣ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ስሙን፣ አድራሻውንና የመንጃ ቁጥሩን ሸፍኚና እዚሁ ለጥፊው። እኔ የምፈልገው ከታች በኩል ያለውን የሕግ ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ነው። ቁጥሩ 862 ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ሬክለስ ነው፣ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይደውል።