የልጄ የጂን ውጤት «ትርጉሙ ያልታወቀ» ይላል፤ እርዱኝ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ ከመሬት የሚነሳው ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ነው፤ ደረጃም ያቅተዋል። የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራው በጣም ከፍ ብሏል። ውጭ አገር የተላከው የጂን ምርመራ ደግሞ ዲኤምዲ ጂን ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ አገኘ፤ ግን «ትርጉሙ ያልታወቀ» ብሎ ተወው። ጡንቻን እያዳከመ የሚሄደው ዱሼን የሚባለው በሽታ ነው ወይስ አይደለም? በጣም ጨንቆኛል።

ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ለውጡ ከእኔ ከእናቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ታላቅ ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ተሸክሞ ይውላል። ያው ለውጥ እሱ ላይ ከተገኘ በሽታ አምጪ አይደለም ማለት ይቻላል? ካልተገኘበትስ? ወይስ ከልጄ ጡንቻ ናሙና ተወስዶ በዚህ ጂን የሚሠራው ዲስትሮፊን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን መኖሩ ይታይ? በከንቱ እንዲያምብኝ አልፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያይ ሐኪም የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።