ቢሊ ፓይፐር ዶክተሩ ናት ወይስ ሮዝ? የዓሣ ውርርድ አለብኝ

ሰማያዊ ሣጥን (ሀዋሳ)

ሰላም የዶክተር ሁ ወዳጆች፣ ያ በሰማያዊ ሣጥን በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ፣ ሊሞት ሲል ፊቱ የሚቀየር ዶክተር ያለበት የቢቢሲ ተከታታይ ማለቴ ነው። ብንቆጠር አንድ ባጃጅ እንደማንሞላ አውቃለሁ፣ ግን ሰላም።

ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፊልም የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀኝ የኮሪያና የቱርክ ነው። እኔ ደግሞ "ሒሳብ" ብዬ የሰየምኩት ፎልደር አለኝ፣ ማንም እንዳይከፍተው ነው ስሙን እንዲህ ያልኩት። ውስጡ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ዶክተር ሁ ነው።

በኛ አቆጣጠር ግንቦት 23፣ 2017 የወጣውን፣ ዶክተሩን ሲጫወት የነበረው ሹቲ ጋትዋ የተሰናበተበትን ክፍል ሱቁን ዘግቼ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው ያየሁት። እሷ አሥረኛ ክፍል ናት። ኪጋሊ ስለተወለደ "የሰፈሬ ልጅ" ትለዋለች። እና ሰውየው እጁን ዘርግቶ፣ ከገላው ብርሃን ሊፈነጥቅ ሲል መብራት ሄደ። ማርያምን! ዶክተሩ ሊበራ ሲል ሰፈራችን ጨለመ። ሁለት ሰዓት ተኩል በስልክ መብራት ተፋጠን ተቀመጥን፣ እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ጀነሬተር ያለውን ጎረቤት እያማሁ። መብራቱ ሲመለስ የጠበቀን ፊት የቢሊ ፓይፐር ሆነ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲወርድ "ዶክተሩን ሆና" የሚል ነገር አልተጻፈላትም። "እናስተዋውቃችሁ፣ ቢሊ ፓይፐር" ይልና ያበቃል። ከ2005 ጀምሮ የዶክተሩን የጉዞ ጓደኛ ሮዝን ሆና የምናውቃትን ሴት ምን ብለው ነው የሚያስተዋውቁን?

እህቴ "ሮዝ ተመልሳ ነው" ትላለች (ሮዝን የምታውቃት በቲክቶክ ቁርጥራጭ መሆኑ ይያዝልኝ)። እኔ "ዶክተሩ የሮዝን ፊት ለብሶ ነው" እላለሁ። የተሸነፈ አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ይጋብዛል። ሩሰል ቲ ዴቪስ የሚጽፈው ልዩ ክፍል ለ2026 የፈረንጅ ገና ነው የተባለው፣ በኛ ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው፣ ጾም ላይ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ለእናቴ ትቼዋለሁ። እናንተ ማን እንደሚያሸንፍ ንገሩኝ። እስከዚያስ ለልጅቷ የትኛውን ላሳያት?

ዳሌክ ከአዳማ

ሁለታችሁም ልትሸነፉ ትችላላችሁ፣ ሦስተኛ መንገድ አለ። በ2013 (ዓመቶቼ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የ50ኛ ዓመቱ ክፍል ላይ ቢሊ ፓይፐር ነበረች፣ ሮዝን ሆና ግን አይደለም። ህሊና ያለው የጦር መሣሪያ ነበረች፣ የሮዝን መልክ ተውሶ የሚያናግር። ስለዚህ ፊቷን አይተህ ለውርርድ አትቸኩል ወንድሜ።

ላንተ የሚያደላም ማስረጃ አለ። ፒተር ካፓልዲ በ2008 ፖምፔ ከተማ ላይ እብነ በረድ ነጋዴ ሆኖ መጣ፣ በ2013 ራሱ ዶክተር ሆኖ ቁጭ። ምክንያቱን በ2015 ነገሩን፤ ዶክተሩ ያን ፊት የወሰደው ያኔ ያዳነውን ሰው እንዳይረሳ፣ ሰው ማዳን ሥራው መሆኑንም እንዲያስታውሰው ነው። የቀድሞው ዶክተር ዴቪድ ቴናንትም በ2022 በዚያው በድሮ ፊቱ ተመልሷል። ፊት መድገም ልማዳቸው ነው። ያቺን "ዶክተሩን ሆና" የምትል ቃል ግን ሩሰል ረስቷት ነው ብለህ እንዳታስብ።

ለእህትህ የ2005ን የመጀመሪያ ክፍል ጫንላት፣ ከዚያ የዚያኑ ዓመት የመጨረሻ ሁለቱን፣ ከዚያ በ2006ቱ ምዕራፍ መጨረሻ ዶክተሩና ሮዝ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚለያዩበትን። ሶፍት አዘጋጅ። መሃል ላይ የ2007ቱን፣ ዓይንህን ስትጨፍን የሚጠጉህን የድንጋይ መላእክት ብታሳያት ደስ ይለኝ ነበር። ግን መብራት በሚሄድበት ሰፈር ያ አይታይም፣ ነውር ነው።

እኔ አልጠብቅም

ከቢቢሲ ጋር ያሠራው የነበረው ዲዝኒ ወጥቷል፣ ብሩም አብሮ ወጥቷል። እርግጠኛ የሆነው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ ውርርድ?

ጋሽ አንቴና

አንተ አልጠብቅም ባይ፣ በ1989 ተቋርጦ በ2005 ነው የተመለሰው። መሃል ላይ በ1996 ከወጣ አንድ ፊልም በቀር ምንም አልነበረም። እኛ ስንጠብቅ አንተ አልተወለድክም።

ልጆቼ፣ ይሄ ተከታታይ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአንድ ዓመት ይበልጣል። እሱ ኅዳር 1963፣ የኛው ቴሌቪዥን 1964፣ ሁለቱም በእነሱ አቆጣጠር። ቢቢሲ ያኔ ቴፕ ውድ ስለነበር ብዙ ክፍሎችን ደምስሶ ሌላ ቀዳባቸው። ከተደመሰሱት የዳኑት በአብዛኛው ለውጭ ጣቢያዎች የተሸጡ የፊልም ቅጂዎች ናቸው።

ታዲያ በጥቅምት 2013 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? የጠፉት ከመቶ በላይ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ አቧራ ለብሰው ተገኙ! እኔማ መጋዘን ለመጋዘን የማውቀውን ሰው ሁሉ በስልክ አዳረስኩ። በቀናት ውስጥ እውነቱ ወጣ። ተገኝተው የማያውቁ 9 ክፍሎች ናቸው፣ ቦታውም ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ። ከዚያም በኋላ 97 ጎድለው ቀሩ። ድስቱ እኛ ቤት ተጣደ ተብሎ ወጡ ጆስ ተበላ። ስለዚህ አንተ ባለ ሱቅ፣ "ሒሳብ" ያልከውን ፎልደር ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ሰማያዊ ሣጥን (ሀዋሳ)

ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት። ስሙን "ሒሳብ 2" ብዬዋለሁ።

ዳሌክ፣ ትናንት ማታ የ2005ን የመጀመሪያውን አሳየኋት። ልብስ ቤት ያሉት አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው ሰው የሚያሳድዱበትን ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ስናልፍ አንድ ቡቲክ በር ላይ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ አንድ ጣቷ የተሰበረ አሻንጉሊት ቆማለች፤ ጭንቅላት የላትም። እህቴ እጄን ይዛ መንገድ አሻገረችኝ። የዶክተሩ ሣጥን ከውጭ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፊ የመሆኑን ነገር ግን ላስረዳት ስጀምር "ገብቶኛል፣ የአቶቴ ባጃጅ ነው" አለችኝ። ሾፌሩ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" ሲል ሰምታችሁት ከሆነ ይገባችኋል።

የካፓልዲውን ነገር ስነግራት ግን ዝም አለች። ማታ ምስሩን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል "ፊቱን የሚመርጠው እንዳይረሳ ከሆነ ሮዝ ናፍቃው ነው የለበሳት" አለች። "ስለዚህ አንተ ብታሸንፍ እንኳ ግማሹ ዓሣ የኔ ነው።" መልስ አላገኘሁላትም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ጃኬቱን የምለብሰው እኔ ነኝ፣ እሷም ታውቃለች።

እናቴ ፈርዳለች፣ እስከ ታኅሣሥ 29 ዓሣ የለም። ሂሳቡ ከገና በኋላ ይከፈላል፣ የዳሌክ ሦስተኛ መንገድ ከወጣ ደግሞ ራሷ ከአዳማ መጥታ ትጋብዘናለች።

እስከዚያ ያገለገለ ዩፒኤስ የሚሸጥ ካለ ዋጋውን ጻፉልኝ። አንድ ኮምፒውተር ለግማሽ ሰዓት ከያዘልኝ ይበቃኛል።

ዳሌክ ከአዳማ

የኔ አለ፣ ባትሪው ግን ደክሟል። አሥር ደቂቃ ይይዛል። ፊቱ እስኪቀየር ይበቃሃል።