የእማዬ የድሮ ቲቪና አዲሱ ማጫወቻ

የሜክሲኮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ለእማዬ አዲስ የዲቪዲ ማጫወቻ ላከላት፣ የሰርጌን ዲስክ እንድታይበት። መብራቱ ችግር የለበትም፣ ከጀርባው 100-240 ቮልት ይላል። ቲቪዋ ግን የድሮው ጀርባው ትልቅ የሆነው፣ 21 ኢንች ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ማጫወቻው ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ። መርካቶ ሄጄ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ሦስቱ ቀለም ያለው ገመድ ገዛሁ። ሰካሁት፣ ኤቪ ላይ አደረግኩት፣ ጥቁር ነው። ድምፅም የለም። አዲስ ቲቪ ግዙ እንዳትሉኝ፣ አባዬ የገዛው ስለሆነ አታስነካም።

ጥገና ቤት፦
እህቴ፣ ቲቪውም ማጫወቻውም ደህና ናቸው፣ ገመዱ ነው። ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፣ የሚቀይረው ነገር የለም። ከኤችዲኤምአይ የሚወጣው ዲጂታል ነው፣ የእማማ ቲቪ የሚቀበለው አናሎግ። ስለዚህ መሃል ላይ ኮንቨርተር ያስፈልጋል፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል ሳጥን ናት። ስትገዢ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» በይ፣ ምክንያቱም ተቃራኒውም አለ፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ይመለሳል። የኤችዲኤምአዩ ቀዳዳ ላይ ኢንፑት የሚል መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ እዪ። ሳጥኗ መብራት ትፈልጋለች፣ በዩኤስቢዋ የሞባይል ቻርጀር ላይ ሰኪያት። ከጎኗ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚል ማብሪያ ካለ ፓል ላይ አድርጊው፤ ሁለቱ የቲቪ ምስል ዓይነቶች ናቸው፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ፣ እኛ አገር ፓል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔም ለእናቴ ልኬ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ኮንቨርተሩ ሠራ፣ ዲስኩ ግን እምቢ አለ። እዚህ አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች የፓል ዲስክ አያጫውቱም፣ አዲስ አበባ የተቀረጸ ሰርግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፓል ነው። ማጫወቻው ዩኤስቢ ካለው ቪዲዮ ቤት ወስደሽ ኤምፒ4 የሚባል የቪዲዮ ፋይል አስደርገሽ ፍላሽ ላይ አስገልብጪው፣ ማጫወቻው የሚቀበለውን የፋይል ዓይነት ግን መጀመሪያ ማኑዋሉ ላይ እዪ። የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ደግሞ የስክሪኑን ቅርጽ 4፡3 አድርጊው። ካላደረግሽው ሙሽሮቹ ቀጥነውና ረዝመው ነው የሚታዩት።

የሜክሲኮ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም! ኮንቨርተሩን ገዛሁ። መጀመሪያ ምስሉ ያለ ቀለም መጣ፣ ማብሪያውን ሳየው ለካ ኤንቲኤስሲ ላይ ነበር፣ ወደ ፓል ስገፋው ቀለሙ ወዲያው መጣ። ዲስኩ እንደተባለው እምቢ አለ፣ ፍላሹ ግን ሠራ። ጽሑፉ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ፊት ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ትናንት ማታ ቁጭ ብላ አየችው። አባዬ ጉልበቱን ስመን ሲመርቀን ያለበት ጋ ስትደርስ «አቁሚው፣ አቁሚው» አለችኝ። አሁን በሪሞቱ ራሷ ማቆም እንድትችል ቁልፏ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌላታለሁ።