ፍሎራይድ ለበዛበት የጉድጓድ ውሃ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው መቂ አካባቢ ነው። የግቢያችንን የጉድጓድ ውሃ ላቦራቶሪ ሳስመረምር ፍሎራይዱ በሊትር 4.6 ሚሊግራም ወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ነው የሚገባው። እንቅልፍ የነሳኝ ልጄ ነው። ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ የበዛ ፍሎራይድ የሚያበላሻቸው ቋሚ ጥርሶቹ የሚያድጉት አሁን ነው።

ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ጭራሽ ይበረታል። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። ያሰብኩት የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው፤ ከከሰለ የእንስሳ አጥንት የሚሠራና ፍሎራይዱን ይዞ የሚያስቀር። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ከሰሉ ውሎ አድሮ ይጠግብና ፍሎራይድ መያዝ ያቆማል፤ ውሃው ግን በመልክም በጣዕምም አይለይም። ቤታችሁ የምትጠቀሙ፣ መቀየሪያው መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? በየጊዜው ላቦራቶሪ መላክ ከአቅሜ በላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚለካ አስተማማኝ መሣሪያ የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ስሙንና የሚገኝበትን ንገሩኝ።

ወይስ የክረምቱን የጣሪያ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ላጠራቅም? ቤተሰቡ አምስት ነው። በጋውን ለመዝለቅ ስንት ሊትር የሚይዝ ታንከር ይበቃናል?