አባቴ ማታ እግራቸው እያመማቸው ነው፣ ሶደሬ ልውሰዳቸው?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከአዳማ ነኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ሲጋራም አልተዉም። ድሮ መናኸሪያ ድረስ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት፣ አሁን ትንሽ ሲራመዱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፣ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል፣ ሲቀጥሉ ያው ነው። ሰሞኑን ደግሞ ማታ ማታ የእግር ጣታቸውን ያቃጥላቸዋል፣ እግራቸውን ከአልጋ ወደ ታች ሲያወርዱ ነው የሚቀላቸው። ሰው ሁሉ "ደም አልዘዋወር ብሎ ነው፣ ሶደሬ ውሰዳቸው" ይለኛል። የሚያጠብቅ ካልሲም ልገዛ ነበር። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ሶደሬ ቅርብ አይደል እንዴ፣ ውሰዳቸው። የእናቴን ወገብ አሽሎላታል።

መልስ 2፦
ነርስ ነኝ። ወገብና ይሄ አይገናኙም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ ፍል ውሃው ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል፣ ደም በደንብ በማይደርሰው እግር ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ካልሲውንም ተወው። እሱ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ስር ሲላላ ነው የሚጠቅመው፣ የአባትህ ምልክት ግን ደም ወደ እግር የሚወስደው ስር የጠበበ ነው የሚመስለው፣ እዚያ ላይ ስታጠብቀው ይብስበታል። ሐኪም ጋ የክንድና የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክተው ያነጻጽራሉ፣ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከመጣ ጥበት አለ። ስኳር የቆየበት ሰው ስሩ ስለሚደድር ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ስኳር እንዳለባቸው ቀድመህ ንገር።

መልስ 3፦
አጎቴን ይሄው ነበር ያመመው። አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዘዘለት፣ ከዚያ "ሂድ" ተባለ። እስኪያምህ ሂድ፣ ቁም፣ ሲለቅህ ቀጥል፣ 30 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ ለ3 ወር። በአዳማ ፀሐይ በጠዋት ካልሆነ አይሞከርም እንጂ በጣም ረድቶታል።

መልስ 2፦
ትክክል ነው፣ ግን አጎትህን ማታ አላመመውም መሰለኝ። ተኝተው ካመማቸው ነገሩ ገፍቷል፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ የእግር ጉዞው ከዚያ በኋላ። በዚህ ሳምንት ውሰዳቸው። እስከዚያ በባዶ እግር አይሂዱ፣ በጣቶቻቸው መሃል ቁስል እንዳለ እንደሌለ በየቀኑ እይላቸው። እግራቸው በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይ አልንቀሳቀስ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ እንሄዳለን። ሲጋራውን ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

መልስ 3፦
አንተ አትንገራቸው። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ "ሲጋራስ ችግር አለው?" ብለህ ጠይቅና ዝም በል።