ወንድሜን ወባው ተመለሰበት፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (የማራኪዋ)፦ እንዴት ናችሁ። ወንድሜ ጥቅምት ላይ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ መጣ። እንደገባ አንቀጠቀጠው፣ ጤና ጣቢያ ወስደነው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ተባለ። ክሎሮኪኑን ሦስት ቀን ዋጠ። የ14 ቀን ሌላ ክኒንም ሰጥተውት ነበር፣ እሱን ግን ሲሻለው በአራተኛው ቀን ተወው። አሁን ታኅሣሥ ነው፣ ከጎንደር ንቅንቅ አላለም፣ ትናንት ማታ ግን ያው ብርድ ያው ላብ። እዚህ ደጋ ላይ ከየት መጣበት? የተረፈውን ክኒን ልስጠው?

ባለ ፌጦ፦ ፌጦ በሎሚ! እኛ ቤት ሌላ መድኃኒት አናውቅም።

ሲስተር፦ ፌጦው ለሆድ ይቆይ። የኔ እናት፣ አዲስ ትንኝ ላይሆን ይችላል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ነገር አለው፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚገድለው። የጉበቱን የሚያጠፋው ያ የተወው ክኒን፣ ፕሪማኩዊን ነው። ግን በራስሽ እንዳትሰጪው። መጀመሪያ ደሙ ይታይ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነትም አብሮ ሊኖር ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ጂ-ሲክስ-ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያነሰው ሰው ላይ ደግሞ ፕሪማኩዊን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለነፍሰ ጡርማ ጭራሽ አይሰጥም።

የአዘዞው ላብራቶሪ፦ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በይ። ከጣት ደም ተወስዶ የሚመረመርበት ፈጣን ኪት ብዙ ጊዜ ፋልሲፓረምን የሚያውቀው በአንድ ፕሮቲን ነው፣ ያንን ፕሮቲን የማይሠሩ ፋልሲፓረሞች አገራችን ውስጥ ተገኝተዋል። «ነፃ ነህ» ተብሎ ቤቱ ሲማቅቅ የከረመ ሰው አይቻለሁ።

የደምቢያ ልጅ፦ ደጋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ እንጂ። በ1958 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሞቷል፣ ያውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር። አሁን ደግሞ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ መጥታለች፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋን አመሰች። ረግረግ አትፈልግም፣ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ ነው ብለን ያጠራቀምነውን ሁሉ እንክደን።

ጠያቂ፦ ሄድን። ቫይቫክስ ብቻ ነው፣ እንደ አዲስ ተጀመረለት። ክኒኑን ደብቄ በየቀኑ እራት ሲበላ እኔው ነኝ የምሰጠው፣ «ልጅ አደረግሽኝ» እያለ ይውጣል። 11 ቀን ቀረው።